ከካሜራው በስተጀርባ፦ «ስታር ዋርስ» እንዴት ተሠርቶ አለቀ?



ባለፈው ተርም መጨረሻ ላይ ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በአዳራሻችን ፊልም ማሳየታችንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ፕሮጀክተር በውሰት ተገኘ፣ ጄኔሬተሩም በስንት ልመና ተነሣ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ተወጠረ። የታየው በ1977 አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ስታር ዋርስ» ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአማርኛ «የከዋክብት ጦርነት» ብንለው ያስኬዳል። ልጆቹ ጮኹ፣ አጨበጨቡ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ቆመው አዩ። ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ጄኔሬተሩ ጠፋ።

ሁሉም እየተጋፋ ሲወጣ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኋላ ቀረችና «ቲቸር፣ እነዚያ ስማቸው የሚወጣው ሰዎች ምን ሠርተው ነው? ፊልሙ ላይ እኮ አላየናቸውም» አለችኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ነገ ሲመጣም መልስ አልነበረኝም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ የታሪክ ትምህርቴን አቋርጬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ስትጠይቁኝ ቶሎ እመልሳለሁ፤ ስለ ፊልም ግን እንደ እናንተው ተመልካች ነበርኩ። ስለዚህ እንግዳ ነገር ሲገጥም እንደሚደረገው አነበብኩ፣ ጠየቅኩ። ያገኘሁትም ታሪክ ከፊልሙ ራሱ ያልተናነሰ ሆኖ ስላገኘሁት ለእሷ ብቻ ከምነግራት ለሁላችንም ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ፊልሙ ተቀርጾ ሲያበቃ ገና ፊልም አልነበረም። ፊልም ያደረጉት ስማቸው ሲወጣ ያላየናቸው ሰዎች ናቸው። ረጅሙን መልስ ደግሞ ቀጥዬ አቀርባለሁ።

ድህረ ቀረጻ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ካምፕ ውስጥ ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው የለም። ጭቃው ተቦክቶ፣ ጡቡ ተመትቶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ እንጨቱ ተቆርጦ ደጅ ላይ ቢከመር ቤት አይባልም። ፊልምም እንዲሁ ነው። ተዋናዮቹ ካሜራ ፊት ቆመው ሲናገሩ፣ ሲሮጡና ሲወድቁ የሚቀረጸው ጡቡ ነው። አንዱ ትዕይንት አምስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ይቀረጻል፤ የመጨረሻው መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ሊቀረጽ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ድህረ ቀረጻ ይባላል። የተቀረጸውን መምረጥና መቁረጥ፣ ማያያዝ (ኤዲቲንግ የሚባለው)፣ በእውነተኛው ዓለም የሌለውን ነገር በብልሃት መጨመር፣ ድምፅ መፈለግ፣ ሙዚቃ ማዘጋጀት፣ በመጨረሻም ሁሉንም ማዋሐድ ነው። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ላይ ደግሞ ይህ ሥራ ከሁሉም ይከብዳል። የፈረስ ፊልም የሚሠራ ሰው ፈረስ ያገኛል። በጠፈር ላይ የሚዋጋ መርከብ ግን ከየት ይመጣል?

የገንዘቡ ግማሽ የት ሄደ?

የፊልሙ ደራሲና ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ በ1944 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞዴስቶ በምትባል ከተማ የተወለደ ሰው ነው። በ1973 «አሜሪካን ግራፊቲ» የሚል ስለ ወጣቶች የሚያወራ ፊልም ሠርቶ ተሳክቶለት ነበር። ቀጥሎ የጠፈር ፊልም እሠራለሁ ሲል ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተባለው ኩባንያ ገንዘቡን ሰጠው። ችግሩ ኩባንያው የልዩ ብልሃት ክፍሉን፣ ማለትም እሳቱን፣ ፍንዳታውን፣ በራሪውን ነገር የሚሠራውን ክፍል፣ ቀደም ብሎ ዘግቶት ነበር። ስለዚህ ሉካስ በ1975 ራሱ አንድ ክፍል አቋቋመ። ስሙን ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ አለው። በሎስ አንጀለስ ዳርቻ ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር አንድ ባዶ መጋዘን ተከራይተው ጆን ዳይክስትራ የሚባል ሰው እንዲመራው ተደረገ።

ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ብዙዎቹም ከዚያ በፊት ትልቅ ፊልም ላይ ሠርተው አያውቁም። መጋዘኑ በበጋ እንደ ምድጃ ይግል ስለነበር አንዳንዶቹ ሥራውን ወደ ሌሊት አዞሩት፤ ቀን ቀን ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ገብተው ይቀዘቅዙ ነበር ይባላል። የኩባንያው ሰዎች ይህን ሲያዩ መዝናኛ ክበብ ነው እንዴ ብለው ተናደዱ። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ሰው ግን በእነዚያ ልጆች ለመፍረድ ይቸግረዋል።

ቀረጻው በመጋቢት ወር 1976 በቱኒዚያ በረሃ ተጀመረ፤ ቀጥሎ ለንደን አጠገብ ባለው ኤልስትሪ ስቱዲዮ ተቀርጾ በሐምሌ ተጠናቀቀ። ሉካስ ወደ አሜሪካ ሲመለስ መጋዘኑን ሊያይ ገባ። ለዚህ ክፍል ከተመደበው ገንዘብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ወጥቷል። በእጅ ያለው የተጠናቀቀ ሥራ ግን በጣት የሚቆጠር ሲሆን እሱንም አልወደደውም። ፊልሙ የሚፈልገው ደግሞ ከ360 በላይ እንዲህ ያሉ ቅንጥብጣቢ ትዕይንቶችን ነበር። በዚያው ሰሞን ደረቱን አመመውና ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹም ድካምና የደም ግፊት ነው አሉት።

እንግዲህ አስቡት። ገንዘብ አልቋል፣ ጊዜ አልቋል፣ ባለቤቱ ታሟል። ከዚህ ላይ ቢተው ኖሮ ዛሬ የምንጽፍለት ታሪክ ባልኖረ ነበር።

ለካስ የሚበረው ካሜራው ነው

ያ ሁሉ ገንዘብ በከንቱ አልጠፋም ነበር። ጆን ዳይክስትራና ጓደኞቹ ያን ጊዜ ሁሉ መሣሪያውን እየሠሩ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቦቹ በሙሉ ትንንሽ ሞዴሎች ናቸው። ከሱቅ የተገዙ የልጆች መገጣጠሚያ ታንኮችና አውሮፕላኖች ተፈታተው ክፍሎቻቸው ተለጣጥፈውባቸዋል። ቀድሞ እንዲህ ዓይነት ሞዴል በክር ተንጠልጥሎ ካሜራ ፊት ይጎተት ነበር፤ መንቀጥቀጡም አሻንጉሊት መሆኑን ያሳብቅበታል። የቫን ናይስ ልጆች ነገሩን ገለበጡት። ሞዴሉን አቆሙትና ካሜራውን በሐዲድ ላይ አስኬዱት። እኛ መርከቡ የመጣብን ይመስለናል፤ የመጣው ካሜራው ነው።

ትልቁ ብልሃት ግን ሌላ ነው። ካሜራው የሄደበትን መንገድ አንድ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘግበዋል። ከዚያ ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይደግመዋል። ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ በአንድ ትዕይንት ላይ ሦስት መርከብ ቢኖር ሦስቱም ለየብቻ ይቀረጻሉ፤ ከዋክብቱም ለብቻ፣ የጥይቱም ብርሃን ለብቻ። በመጨረሻ ኦፕቲካል ፕሪንተር በሚባል መሣሪያ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ በአንድ ፊልም ላይ ይታተማል። የካሜራው መንገድ በፀጉር ያህል ቢለያይ መርከቡ ከጀርባው ይላቀቅና ምሥጢሩ ይወጣል። መሣሪያው በሠሪው ስም ዳይክስትራፍሌክስ ተባለ።

ምስል በተደራረበና በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ ይደበዝዛል። ፎቶ ኮፒን ደጋግሞ ፎቶ ኮፒ ያደረገ ሰው ያውቀዋል። ለዚህ መፍትሔ ያገኙት ከአሮጌ ዕቃ ነው። በ1950ዎቹ ይሠራበት የነበረ ቪስታቪዥን የተባለ ካሜራ ነበር። ፊልሙን በጎን ስለሚያስኬድ እያንዳንዱ ምስል ከተለመደው ሰፋ ብሎ ይወጣል። ጊዜው አልፎበት የተጣለውን ይህን ካሜራ አንሥተው ተጠቀሙበት። ሰፊ ሆኖ የተነሣ ምስል ቢደበዝዝም አይጎዳም።

የፊልሙን አጀማመር ታስታውሳላችሁ። አንዲት ትንሽ መርከብ ትሸሻለች፤ ከኋላዋ ማለቂያ የሌለው የሚመስል ግዙፍ መርከብ ከራሳችን በላይ ያልፋል። አዳራሹ ጸጥ ያለው እዚያ ላይ ነበር። የዚያ ግዙፍ መርከብ ሞዴል ርዝመቱ 91 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የምትሸሸው «ትንሿ» መርከብ ግን ወደ 2 ሜትር ትጠጋለች! ትንሹን ግዙፍ፣ ትልቁን ትንሽ ያደረገው የካሜራው አቀማመጥ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ያላመኑኝ አሉ። እኔም ሳነበው ደግሜ ነው ያነበብኩት።

መቀስና ፕላስተር

አሁን ወደ ኤዲቲንጉ እንምጣ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ላይ መቁረጥና መለጠፍ የለም። ፊልሙ በእጅ ይያዛል፣ ይቆረጣል፣ በፕላስተር ይያያዛል። በሴኮንድ 24 ምስል ስለሚያልፍ የአንድ ሴኮንድ ስሕተት ማለት 24 ምስል ነው።

ቀረጻው ገና እንግሊዝ አገር እያለ ጆን ጂምፕሰን የሚባል ኤዲተር መጀመሪያ ያያያዘውን ሉካስ ሲያየው አዘገመበት፤ ነፍስ አጣበት። ከሰውዬው ጋር ተለያዩና ሥራው ከመጀመሪያው እንደገና ተጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተረከቡት፦ ሪቻርድ ቹ፣ ፖል ኸርሽ እና የሉካስ የዚያን ጊዜ ባለቤት የነበረችው ማርሻ ሉካስ።

ካደረጉት አንዱ መጣል ነው። ዋናው ልጅ ሉክ ስካይዎከር በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሰማይ ላይ ያለውን ውጊያ አይቶ ለጓደኞቹ ሊነግር ሲሄድ፣ ከልብ ጓደኛውም ጋር ሲያወራ የሚያሳዩ ትዕይንቶች ተቀርጸው ነበር። ገንዘብ ወጥቶባቸዋል፣ ተዋናይ ደክሞባቸዋል፣ በረሃ ላይ ፀሐይ ተመትቶባቸዋል። ታሪኩን ግን ያንዛዙታል። ወጡ። አሁን ፊልሙ ሁለቱን ሮቦቶች ተከትሎ በረሃ ይገባል፤ ሉክንም የምናገኘው እነሱ ሲያገኙት ነው። እኛም እንደነሱ ባዕድ አገር ላይ የወደቅን ሆነን ነው የምናየው። የሚሻል ይመስለኛል።

ማርሻ ሉካስ የመጨረሻውን ውጊያ ወሰደች። አብራሪዎቹ መቀመጫቸው ላይ ሆነው ሲናገሩ ብቻ የተቀረጸው ፊልም 40,000 ጫማ፣ ማለትም 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው። ያን ሁሉ አይታ፣ መርጣ፣ ቆርጣ ለማያያዝ 8 ሳምንት ፈጀባት። መርከቦቹ ደግሞ ገና አልተቀረጹም! ታዲያ በምን ላይ ነው የሚያያዘው? ሉካስ ከቴሌቪዥን ላይ የድሮ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊልሞችን እየቀዳ የአውሮፕላን ውጊያዎችን አጠራቅሞ ነበር። ቦታ እንዲይዙ እነዚህን ጥቁርና ነጭ አውሮፕላኖች አስገቡ። የመጋዘኑ ልጆችም እያንዳንዱን አውሮፕላን እያዩ በዚያው ፍጥነትና አቅጣጫ መርከብ ሠሩለት።

በጽሑፉ ላይ ሉክ ኢላማውን ለመምታት ሁለት ጊዜ ነበር የሚሞክረው። ኤዲተሮቹ አንድ አደረጉት። ሁለት ጊዜ ቢሆን አንደኛው ልምምድ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ነው ልብ የሚሰቀለው። ሸሽቶ የሄደው ሃን ሶሎ በመጨረሻዋ ደቂቃ ተመልሶ ሲመጣም፣ ማርሻ እዚያ ላይ ሕዝቡ ካልጮኸ ፊልሙ አልሠራም ትል ነበር። የኛ አዳራሽ ከ40 ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በሌላ አህጉር፣ እንግሊዝኛውን ግማሹ ሳይገባው፣ እዚያችው ላይ ጮኸ።

ድምፁ ከየት መጣ?

ቤን በርት የሚባል የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ነበር። ቀረጻው ሳይጀመር በ1975 ተቀጠረና ድምፅ መቅጃ ተሸክሞ መዞር ጀመረ። ሉካስ በመሣሪያ ብቻ የተፈጠረ ድምፅ አልፈለገም፤ የሚሰማው ነገር ከእውነተኛው ዓለም የመጣ እንዲሆን ፈለገ።

ስለዚህ ቤን በርት ያላደረገው የለም። ያ ፀጉራሙ ፍጡር ቹባካ የሚጮኸው በዋናነት የድብ ድምፅ ነው፤ የአንበሳና የባሕር አውሬም ተቀላቅሎበታል። የጠመንጃዎቹ ድምፅ የሬዲዮ ማሠራጫ ማማ ደግፎ የያዘ የብረት ገመድ በመዶሻ ሲመታ የተቀዳ ነው። የጠላት መርከቦች ሲያልፉ የምትሰሙት ጩኸት የዝሆን ጩኸትና እርጥብ አስፋልት ላይ የሚሄድ መኪና ተደባልቀው ነው። የብርሃኑ ጎራዴ ድምፅ የአሮጌ ፊልም ማሳያ ሞተር ነው። ሽቦው የተበላሸ ማይክሮፎን ይዞ በቴሌቪዥን አጠገብ ሲያልፍ በአጋጣሚ የያዘው እዝዝታም ተጨምሮበታል። ሌላ ሰው ቢሆን ማይክሮፎኑን ያስጠግን ነበር! ትንሿ ሮቦት አርቱ ዲቱ ግማሿ ከኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ግማሿ ከራሱ ከቤን በርት አፍ የወጣ የሕፃን ኩልትፍና ናት። የጥቁር ለባሹ ዳርዝ ቬደር አተነፋፈስ ደግሞ ጠላቂ ዋናተኞች ውሃ ውስጥ ከሚተነፍሱበት መሣሪያ የተቀዳ ነው።

ስለ ቋንቋ ደግሞ እኛን የሚመለከት አለ። ለጠፈር ፍጡራኑ ቋንቋ ሲፈለግ ቤን በርት ሰው የሚናገራቸውን ቋንቋዎች መሠረት አደረገ። የአንደኛው ፍጡር ንግግር ከደቡብ አሜሪካው ከኬችዋ፣ የበረሃዎቹ ትንንሽ ነጋዴዎች ንግግር ደግሞ ከዙሉ ተነሥቶ በፍጥነት እንዲሮጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። በ1983 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ላይ በመጨረሻው ውጊያ መርከቡን አብሮ የሚያበር አንድ ፍጡር አለ። ድምፁ ያን ጊዜ አሜሪካ ይማር የነበረው የኬንያዊው የኪፕሳንግ ሮቲች ነው። የተናገረውም ዝም ብሎ የተፈጠረ ጫጫታ አልነበረም፤ ኪኩዩን ጨምሮ የአገሩን ቋንቋ ነበር። በ2015 በወጣው ፊልምም ያንኑ ፍጡር ደግሞ ሆኗል። ስንት አገር ያለ ሰው የሌላ ዓለም ቋንቋ መስሎት የሰማውን፣ የኬንያ ሰው ትርጉሙን እያወቀ ይስቃል። አንዱ ጋ ባዕድ የሆነ ቋንቋ ሌላው ጋ የእናት ቋንቋ ነው። ከስምንት በላይ ቋንቋ በሚነገርበት ግቢያችን ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

መናገር ያቃተው ልጅ

ይህን ክፍል በተለይ ለመምህራን ጻፍኩት።

ዳርዝ ቬደርን ሆኖ ልብሱን ለብሶ የተቀረጸው ዴቪድ ፕራውስ የተባለ እንግሊዛዊ ስፖርተኛ ነው። ሉካስ ግን ሌላ ድምፅ ስለፈለገ ከቀረጻ በኋላ ጄምስ ኧርል ጆንስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ ተጠራ። ስቱዲዮ ገብቶ ንግግሩን በጥቂት ሰዓታት ቀዳና 7,000 ዶላር ተከፈለው። ሥራዬ ትንሽ ነው፣ እንደ ልዩ ብልሃት ቁጠሩት ብሎ ስሙ እንዳይጻፍ ራሱ ጠየቀ። በ1977ቱ ፊልም ላይም ስሙ አልወጣም። ተማሪዬ ያየቻቸው ስሞች ውስጥ እንኳ ያልነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

ጄምስ ኧርል ጆንስ በ1931 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደ። ሕፃን ሳለ ከአያቶቹ ጋር ወደ ሚሺጋን ሄደ። እዚያ ከባድ መንተባተብ ጀመረው። ልጆች ስለሳቁበት መናገሩን ተወውና ለብዙ ዓመታት ከሰው ፊት ዝም ያለ ልጅ ሆኖ አደገ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ዶናልድ ክራውች የሚባል የእንግሊዝኛ መምህሩ ልጁ ግጥም እንደሚጽፍ ደረሰበት። አንድ ቀን የጻፈውን ሲያይ ያንተ መሆኑን ለማረጋገጥ ክፍሉ ፊት ቆመህ በቃልህ በለው አለው። ልጁ ቆመ። ሳይንተባተብ ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ መምህሩ እያስነበበው፣ እያስለማመደው ድምፁ ተመለሰ። ያ ድምፅ ነው በኋላ ዓለም ሁሉ ያወቀው። ጆንስ መስከረም 2024 በ93 ዓመቱ አረፈ።

ክፍላችሁ ውስጥ ከኋላ ዴስክ የሚቀመጥ፣ ስሙን ሲጠራ እንኳ አንገቱን የሚደፋ ልጅ አለ። እኔም ጋ አለ።

ሙዚቃው፣ ከዚያም ፍርዱ

ሙዚቃውን የሠራው ጆን ዊልያምስ ነው። በመጋቢት 1977 ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር እንግሊዝ አገር ተቀዳ። ለየሰዉ የየራሱን ዜማ ስለሰጠ፣ ሰውየው ሳይታይ ዜማው ሲመጣ መምጣቱን እናውቃለን።

ሙዚቃው ከመግባቱና መርከቦቹ ከማለቃቸው በፊት ግን ሉካስ ፊልሙን ለቅርብ ጓደኞቹ አሳይቶ ነበር። ጥቁርና ነጭ አውሮፕላኖቹ ገና አልወጡም። አብዛኛው ሰው ዝም አለ፤ አፈረለት። ዳይሬክተሩ ብራያን ዲ ፓልማ ሳይሸፋፍን አፌዘበት፤ መግቢያው ላይ የሚወጣው ጽሑፍ አይገባም አለው። ስቲቨን ስፒልበርግ ግን ይህ ፊልም ብዙ ሕዝብ ያየዋል አለ። ሉካስ የቱን ሰማ? ሁለቱንም። ያፌዘበትን ዲ ፓልማን የመግቢያውን ጽሑፍ እንዲያስተካክል እንዲያግዘው ተቀበለው። ዛሬ በቢጫ ፊደል ወደ ሰማይ ሲሄድ የምናየው አጭር መግቢያ የዚያ ትችት ውጤት ነው። ትችት ሲሰጠን ደብተር ለምንዘጋ ሁላችንም ትምህርት ይሁነን።

ግንቦት 25 ቀን 1977 ፊልሙ በ32 ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ። ሉካስ በዚያ ቀን እንኳ የድምፅ ማዋሐዱን ሥራ አልጨረሰም ነበር። ከባለቤቱ ጋር እራት ሊበላ አንድ ምግብ ቤት ሲገባ ከመንገዱ ማዶ ሲኒማ ቤት ፊት ሰልፍ አየ። የምን ሰልፍ ነው ብሎ ቢያይ የራሱ ፊልም ነው። መውጫ ቀኑን ረስቶታል። ፊልሙም እስከዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ የበለጠ ገቢ ያገኘ ሆነ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1978 ኦስካር ሲሰጥ የሆነው ነገር ለተማሪዬ ጥያቄ ዋናው መልስ ነው። ሉካስ በዳይሬክተርነትም፣ በደራሲነትም ታጭቶ ሁለቱንም ሳያገኝ ቀረ፤ የዓመቱ ምርጥ ፊልምም ሌላ ተባለ። «ስታር ዋርስ» ግን 6 ሽልማት ወሰደ፦ በኤዲቲንግ (ማርሻ ሉካስ፣ ፖል ኸርሽ፣ ሪቻርድ ቹ)፣ በልዩ ብልሃት (ጆን ዳይክስትራና ባልደረቦቹ)፣ በድምፅ፣ በሙዚቃ፣ በመድረክ ቅንብርና በአልባሳት። ለቤን በርት ደግሞ ስለ ፈጠራቸው ድምፆች 7ኛ፣ ልዩ ሽልማት ተሰጠው። አብዛኛው ሽልማት የሄደው ከቀረጻ በኋላ ለሠሩት ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይኸው ነው።

ከመጋዘኑ የወጣው

ነገሩ በአንድ ፊልም አላበቃም። ሉካስ በ1979 ያቋቋመው የኮምፒውተር ክፍል በ1986 ለስቲቭ ጆብስ ተሸጦ ፒክሳር የተባለው የካርቱን ፊልም ኩባንያ ሆነ። በ1990 ለገበያ የቀረበውን ፎቶሾፕን ከወንድሙ ቶማስ ጋር የሠራው ጆን ኖል ደግሞ ያን ጊዜ የሚሠራው በዚያው በኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ነበር። የሠርግ ፎቶና የሱቅ ማስታወቂያ ለመሥራት በፎቶሾፕ የምትለማመዱ ወጣቶች፣ ዘመዱ የት እንደሆነ እወቁት። ምስልን በምስል ላይ መደረብ፣ በዚያ ሙቅ መጋዘን በኦፕቲካል ፕሪንተር ሲለፋበት የነበረው ሥራ ነው።

ሉካስ ራሱ ግን መጨረስ አልሆነለትም። በ1997 በኮምፒውተር አዳዲስ ነገር ጨምሮ ፊልሙን እንደገና አወጣው፤ ከዚያም በኋላ ነካካው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ይሻለናል ብሎ ተከራከረው። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። በ1977 ቆርጠው የሚጥሉ ጓደኞች አጠገቡ ነበሩ። ሥራን ማረም ጥሩ ነው፤ በቃ የሚል ሰው አጠገብ መኖሩም ጥሩ ነው።

ለተማሪዬ

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄሽ ዘገየ እንጂ አልተረሳም። እነዚያ ስማቸው የሚወጣው ሰዎች የሠሩት ያየሽውን ሁሉ ነው። አንዱ ድብ ቀዳ፣ አንዱ አሻንጉሊት ለጠፈ፣ አንዷ 12 ኪሎ ሜትር ፊልም አይታ ጥቂቱን አስቀረች።

በየሳምንቱ ድርሰት ስሰጣችሁ «እንደገና ጻፉት» ስል ታጉረመርማላችሁ። «ቲቸር፣ ጨርሰናል እኮ» ትላላችሁ። ጡቡን ነው የጨረሳችሁት። እኔም ራሴ ያልጨረስኩት ነገር አለኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ሦስተኛ ዓመት ላይ ተቆርጦ እንደቀረ ነው። ለረጅም ጊዜ የተበላሸ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን የተቀረጸ፣ ግን ገና ያልተያያዘ አድርጌ ልቆጥረው እየሞከርኩ ነው። በዚህ ዓመት በርቀት ትምህርት ለመቀጠል ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መልሱን ስሰማ እነግራችኋለሁ።

በሚቀጥለው ተርም ፊልም ሲታይ ደግሞ ከአስተባባሪዎቹ ጋር ተነጋግረናል። ስሞቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጄኔሬተሩ አይጠፋም። የጥቂት ደቂቃ ነዳጅ ነው። እኔ ከራሴ አዋጣለሁ።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።